የልምምድ በረራ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ልክ በአንድ ሰዓት፣
ፍኖተ ሰላም፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ ካለችው ቤት፣
ሦስት የፕላስቲክ ወንበር በአንድ መስመር ደረደርን፤
ቡፌውን ገፍተን እስከ ጉልበታችን አቀረብን።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲጀምር መቀጥቀጥ፣
"ሞተሩ ተነሣ" አለች ጥሩዓለም፤
የነጠላዋን ጫፍ እንደ ቀበቶ ቋጥራ፣ ቁጭ አለች፣ ቀጥ።

አስራ ሦስት ሰዓት ነው አሉን፣ እስከ ፀሐይ መውጫ፤
የስልሳ ዓመት ወገብ ከየት ያምጣ ማምለጫ?

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በባሕር ዛፍ ዘንግ ጫፍ፣
እስያን ስነካት ኖርኩ፣ ጠርዙ በተቀደደ ካርታ።
ለስንቱ አንሙት፣ ለስንቷ አትጠገብ ጃፓንን ሳሳይ
"ጋሼ፣ ሄደው ያውቃሉ?" የሚል ከኋላ ወንበር አይጠፋም።
"አላውቅም" ማለት ለመምህር እንደ ኮሶ ይመራል፤
"ከዘንጉ ወዲህ ነኝ" እል ነበር፤ ክፍሉ ይስቃል።

ጡረታ ወጣሁ። እቁቡ ደረሰን። በርበሬውንም ሸጥን።
"ቤቱን አድሱ" ያለን ብዙ ነው፤ እኛ ግን ደብተር ገዛን።
በሽፋኑ "የእረፍት ዕቅድ"፤ ከሥሩ "ኅዳር መባቻ፣
ከነቢያት ጾም በፊት፣ ኪዮቶ፣ አስር ቀን ብቻ።"
ቀን ሁለት፦ ቤተ መቅደስ። ቀን ሦስት፦ ባቡር።
ቀን አራት፦ እግሬ ካላበጠ።
(የእሷ ጽሕፈት ነው። እኔ "ተራራ" ብዬ ነበር፤
ተፋቀ፣ ተላጠ።)

በአራተኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ባሕር በላይ እንደሆንን እንጃ፣
ጋሽ ይበልጣል አካፋ ሊዋስ ገባ፣ ካፖርቱ ውሃ እያንጠባጠበ።
በተርታ ተቀምጠን፣ ዝም ብለን፣ ቡፌ ላይ አፍጠን ሲያይ
ኮፍያውን አወለቀ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦
"ማን አረፈ?"

"ማንም አላረፈም" አለች ጥሩዓለም፤ "ገና አየር ላይ ነን።
የምናርፈው ማታ ነው፣ በሁለት።"

ነገሩን ነገርነው። አልሳቀም።
ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቷል፤
ስለ መቀመጥ የሚያውቅ ሰው በተቀመጠ አይስቅም።
"ጠባብ ጫማ አታድርጉ። ውሃ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ።
ጆሯችሁ ሲደፈን አዛጉ። በየሰዓቱ ተነሥታችሁ ዙሩ።
ደግሞ ስንት ቀረ ብላችሁ አትጠይቁ፤
ስንት ቀረ የሚል ተሳፋሪ መንገድ ያስረዝማል።"
ከዚያ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ።
አካፋውን ረሳው።

ምሳ ከመድኃኒት ቤቷ ባመጣችው ትሪ ቀረበ፤
ፍልሰታ ነው፣ ሽሮ፣ በሦስት ትንንሽ ሳህን።
"እዚያስ የጾም ይገኛል?"
"አኩሪ አተር እንደ አይብ ያረጋሉ አሉ።"
"አይብ የሚመስል የጾም?" ጋሽ ይበልጣል ጉርሻውን አቆመ፤
"እንግዲህ ለንስሐ አባታችሁ ቀድማችሁ ንገሩ።"

ቆይቶ ወደ ግድግዳው ቀና አለ፤ "ሰዓቱን የምትቀይሩት የት ስትደርሱ ነው?"
መልስ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ፤ አልዘጋሁትም።
ፀሐይ እዚያ በስድስት ሰዓት ትቀድመናለች፤
የእኛ ቆጠራ ደግሞ ከሌላው በስድስት ይጎድላል፤
ስድስትና ስድስት አስራ ሁለት፣ ሙሉ ዙር፣ ምንም።
በጣቴ ደገምኩት። ከዚያ በእሷ ጣት።
እኛ ጠዋት እንላለን፣ እነሱ ከሰዓት፤
የእጆቹ ቦታ ግን አንድ ነው፣ ደቂቃ አይዛነፍም!
የሠርጋችን ስጦታ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀው ይህ ሰዓት፣
ማንም ሳይጠረጥረው፣ ከነዝንብ ኩሱ፣
ይህን ሁሉ ዓመት ኪዮቶን ሲቆጥር ኖሯል።
እኔ በዘንግ እየነካሁ፣ እሱ ዝም ብሎ።

በዘጠነኛው ሰዓት ጥሩዓለም ትከሻዬ ላይ ተኛች።
ክንዴ ደነዘዘ። ዝናቡ አባራ። ቆርቆሮው ጸጥ አለ።
ጋሽ ይበልጣል በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ ጭቃው አየና
በሹክሹክታ፣
"መምህር፣ አሁን በምንድን ነው የምንበረው?"